መልስ፦ ልጄ አዲሱን ከተማ አልለምድ አለች

እህቴ፣ ባለቤትሽ ለአገልግሎት ተመድቦ ከተማ ከቀየራችሁ ሦስት ወር ሆኗል፤ የ15 ዓመት ልጅሽ ከክፍሏ አትወጣም፣ አምልኮም አስጠላት ብለሻል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የእምነት መዳከም ሳይሆን ሐዘን ነው። ጥሪው የእናንተ ነው፤ ጓደኞቿን ያጣችው ግን እሷ ናት።

ነገሩ የሚበላሸው "አብርሃምም አገሩን ጥሎ ወጥቷል" ስትባል ነው። ማዘኗ በእግዚአብሔር ላይ ማጉረምረም ይመስላትና ዝም ትላለች። ይልቅ መዝሙር 42ን አብራችሁ አንብቡ፤ ዘማሪው ከሕዝቡ ጋር ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረበትን ጊዜ እያሰበ ያለቅሳል። ስብከት አትጨምሪበት።

በሚሲዮናውያን ልጆች ላይ ብዙ የሠራው ዴቪድ ፖሎክ ለስንብት አራት ነገር ይመክር ነበር፦ የተቀያየሙትን መታረቅ፣ ማመስገን፣ መሰናበት፣ ስለሚሄዱበት አስቀድሞ ማሰብ። በችኮላ ወጥታችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አሁንም በስልክ ይቻላሉ። ከድሮ ጓደኞቿ ጋር የምታወራበት ቋሚ ቀን ይኑራት፤ ቀኑን ሙሉ ስትጻጻፍ መዋሏ ግን እዚህ ሰው እንዳታውቅ ያደርጋታል።

መዘምራን ውስጥም ሆነ የሕፃናት ማስተማር ላይ ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር አትመድቧት። "የመጋቢው ልጅ" ተብላ ሳይሆን በስሟ ትተዋወቅ። ሳታስፈቅዷት የስብከት ምሳሌ ማድረግማ ጨርሶ አይሆንም! ከቤተ ክርስቲያን ውጪም ስፖርት ይሁን ሥዕል አንድ ነገር ራሷ ትምረጥ።

እንቅልፏና ምግቧ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተዛባ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይያት፤ ጸሎቱ አይቋረጥም። ስለ መሞት ካወራች ግን ብቻዋን አትተዪያት፣ በዚያው ቀን ውሰጃት።