ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚጠሩ ወጣቶች

ሰላም። «ወጣቶች ዝግጅታችን ላይ ይመጣሉ፤ ግን ዝም ብለው ተቀምጠው ይሄዳሉ። እንዴት እናሳትፋቸው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁት፦ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዕለቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ርእሱ፣ ቀኑና ተናጋሪው ከተወሰነ በኋላ የተጠራ ወጣት የሚወስነው ነገር አልተረፈለትም፤ ታዲያ ምን ይናገር?

የልጆችን ተሳትፎ ያጠናው ተመራማሪ ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 በዩኒሴፍ በኩል ያወጣው የተሳትፎ መሰላል፣ ልጆችና ወጣቶች በአንድ ሥራ ምን ያህል እንደሚሳተፉ የሚያሳይ፣ 8 ደረጃዎች አሉት። የታችኞቹን 3 ተሳትፎ ብሎ አይቆጥራቸውም፦ መጠቀሚያ ማድረግ፣ ለጌጥ ማቅረብ፣ ለይስሙላ ማስቀመጥ። ቲሸርት አልብሶ መድረክ ላይ ማስጨፈር ከጌጡ ይመደባል። ሐሳቡ ከወጣቶቹ መጥቶ ከአዋቂ ጋር አብረው የሚወስኑበት 8ኛው ላይ ካልደረስን ብላችሁ ግን አትጨነቁ። ሐሳቡ ከእናንተ ቢመጣም ዓላማውን ተረድተው ወደው ከገቡበት 4ኛው ላይ ናችሁ፤ ያም ከይስሙላ የወጣ ነው።

ከ8 እስከ 10 ሳምንት ሲቀር አዘጋጅ ኮሚቴ አቋቁሙ፤ ቢያንስ ግማሹ ወጣት ይሁን። ከ6 አዋቂ መሀል የተቀመጠ አንድ ወጣት ራሱን ከመነቅነቅ ሌላ ምርጫ የለውም። ሁሉንም እናንተ ከመረጣችሁ ደግሞ የሚመጡት ያው የተለመዱት፣ አንደበታቸው የተፈታው ናቸው፤ ስለዚህ የተወሰነውን ቦታ በግልጽ ጥሪ ሙሉት። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁለት ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ አንዱ ላይ ያለቀላቸው ጉዳዮች (የበጀት ጣሪያ፣ የደኅንነት ደንብ)፣ ሌላው ላይ እነሱ የሚወስኗቸው። ሁለተኛው ላይ የሻይ ሰዓትና የፖስተር ቀለም ብቻ ከሰፈረ ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል። ከበጀቱ ለምሳሌ 15 በመቶውን በእጃቸው አድርጉት፤ የደረሰኝ አያያዙንም አስቀድማችሁ አሳዩአቸው። የትራንስፖርት ገንዘብ ቀድሞ ይሰጥ። «በኋላ እንተካላችኋለን» ሲባል የሚቀረው ኪሱ ባዶ የሆነው ነው። ከ18 ዓመት በታች ላሉት የወላጅ ፈቃድ ያዙ፤ የፎቶው ፈቃድ ለብቻው ይሁን።

በብዛት የሚበላሸው ግን መሀል ላይ ነው። ሥራ ይዘገያል፤ አንድ አዋቂ ይደነግጥና «ተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚደክም አይገኝም፤ እንዲያውም ቀጣዩን ሥራ ሆን ብለው ያዘገዩታል፣ ምክንያቱም የሚጨርስላቸው ሰው እንዳለ አይተዋል። ስለዚህ 3 የመገምገሚያ ቀን ከጅምሩ ቁረጡ። በእነዚያ ቀናት አዋቂው የሚጠይቀው «የት ደረሳችሁ? ምን ጎደላችሁ?» ብቻ ነው። እያንዳንዱን ሥራ ለ2 ሰው ስጡ፤ ፈተና ሲደርስ አንዱ ሊጠፋ ይችላል።

በዕለቱ ማይክ እያዞሩ «አስተያየት ያለው?» ማለት ድፍረት ላላቸው ሦስት አራት ልጆች ብቻ ይጠቅማል። መጀመሪያ ሁሉም ለ2 ደቂቃ ብቻውን ይጻፍ፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይነጋገር፣ በመጨረሻ ከ5 እስከ 6 ሰው ባለው ቡድን ይወያይ። ውይይቱን ወጣቶች ይምሩት፤ አስቀድመው አንድ ጊዜ ይለማመዱበት። አዋቂ ከቡድኖቹ ውስጥ አይቀመጥ፦ የመጀመሪያዋ ቃሉ «ትክክለኛው መልስ» ሆና ትቀራለች። የክብር እንግዳ ንግግር ከ5 ደቂቃ አይለፍ (ይህን ማስከበር ከሁሉም ይከብዳል)።

ከዝግጅቱ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ በ3 ዓምድ የተከፈለ አንድ ገጽ ላኩላቸው፦ ያላችሁት፣ ያደረግነው፣ ያላደረግነውና ምክንያቱ። ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ አትተዉት፤ ለሚቀጥለው ጥሪ ይመጡ እንደሆነ የሚወስኑት እሱን አንብበው ነው።