ጥይት ይሄዳል ወይስ ይመታል?

ጥያቄ፦ አንድ ጽሑፍ ላይ «የክላሽ ጥይት 400 ሜትር ይሄዳል» የሚል አነበብኩ። ለአጎቴ ስነግራቸው «ኧረ 2 ኪሎ ሜትርም ያልፋል» ብለው ሳቁብኝ። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ጸሐፊው፤ የሳተውም ግሱ ላይ ነው። 400 ሜትር ክላሽ «የሚመታበት» ርቀት ነው። ተኳሽ አልሞ፣ አገኘዋለሁ ብሎ የሚተማመነው እስከዚያ ገደማ ነው። ዒላማውን የሳተ አረር ግን 400 ሜትር ላይ ደክሞት አይቆምም። አፈሙዙ ከፍ ብሎ ከተተኮሰ፣ አጎትዎ እንዳሉት 2 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። ስለዚህ ለዒላማ «ይመታል»፣ መሬት እስኪነካ ለሚጓዘው «ይሄዳል» ይበሉ። ይህ የሰዋስው ቅንጦት እንዳይመስልዎት። «400 ሜትር ይሄዳል» የሚለውን ያመነ ሰው ሠርግ ላይ አፈሙዙን ወደ ጋራው አዙሮ ይለቀዋል። ከጋራው ማዶ ሰው አለ።

«አረር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቃታው ሲሳብ ጥይቱ በሙሉ አይሄድም። ባሩዱ ይነድዳል፤ ጋዙ አረሩን፣ ማለትም የጥይቱን ጫፍ፣ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ባሩዱን ይዞ የነበረው ቀለህ ግን እዚያው ተኳሹ አጠገብ ይወድቃል። በጨዋታ መሀል «ጥይቱ ሄደ» ቢሉ ችግር የለውም፣ እኔም እላለሁ። ስለ አሠራሩ ሲጽፉ ግን ይለዩት።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ «የጥይቱ ፍጥነት 715 ሜትር ነው»። በምን? በደቂቃ? «በሰከንድ 715 ሜትር» ነው። «ከአፈሙዝ ሲወጣ» የሚለውም አይዘለል፤ ቁጥሩ የዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። አየሩ ወዲያው ይይዘዋል። አያያዙም ቀላል አይደለም፦ አየር ባይኖር ኖሮ በ45 ዲግሪ የተተኮሰው አረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ከአዲስ አበባ ቢተኮስ ቢሾፍቱን አልፎ ነው የሚወድቀው።

ካነሳነው አይቀር፣ «ተኩሱን ሰምቶ ጎንበስ ሲል ጥይቱ አለፈው» የሚለውንም ተዉት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 300 ሜትር ላይ ያለ ሰው ዘንድ አረሩ በግማሽ ሰከንድ ገደማ ሲደርስ፣ ድምፁ ወደ 0.9 ሰከንድ ይፈጅበታል። «የመጀመሪያው ሳተው፤ ሁለተኛው ሳይተኮስ ጎንበስ አለ» ቢባል ያስኬዳል።