«ለ2 ዓመት አላገባም፣ አላረግዝም» የሚል ውል ልፈርም?

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በጨርቃጨርቅ ምህንድስና ተመርቀሽ፣ እዚያው ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ሊቀጥርሽ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ውሉ ላይ ግን «ለ2 ዓመት አላገባም፣ አላረግዝም» የሚል መስመር አገኘሽ። «ፈርሜ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ትያለሽ።

አብሽሪ፣ ሥራውን አትተይው። መጀመሪያ መስመሩ እንዲሰረዝ በጨዋ ደንብ ጠይቂ። እምቢ ብለውሽ ብትፈርሚም እንኳ አያስርሽም፤ የሥራ ውል ሕጉ ከሰጠሽ መብት በታች ሊወርድ አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትዳርም እርግዝናም የማሰናበቻ ምክንያት አይሆኑም። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ ከነደመወዙ ነው።

እኔ የምፈራልሽ መብትሽ ቢነካ የመክሰሻው ቀን እንዳያልፍብሽ ነው። ጋብሪኤል ዴፍረን የምትባል ቤልጂጋዊት የሳቤና አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጅ ነበረች። እዚያው አውሮፕላን ላይ ያንኑ ሥራ ለሚሠሩት ወንዶች ከእሷ የበለጠ ይከፈላቸው ነበር፤ ከሰሰች። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1976 እ.ኤ.አ. «ሠራተኛ የአውሮፓ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበራቸውን በመሠረቱበት በሮም ስምምነት ላይ ያለውን የእኩል ክፍያ አንቀጽ ይዞ በቀጥታ አገሩ ፍርድ ቤት መቆም ይችላል» ሲል ወሰነ። ሆኖም ላለፉት ዓመታት የሚጠቅመው ቀደም ብለው ክስ ለመሠረቱት ብቻ እንዲሆን አደረገ። እንደ እሷ ተበድለው ዝም ያሉት ሴቶች የኋላውን ገንዘብ አጡት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እኛም ዘንድ ያለአግባብ የተባረረ ሠራተኛ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ የሚከስበት ጊዜ 3 ወር ነው፤ ላልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ደግሞ 6 ወር። «ሽማግሌ ልላክ፣ አለቃዬ ይራራ ይሆናል» እያሉ 3 ወሩ ካለቀ በኋላ ወደ እኔ የመጡ ልጆች አሉ።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ውሉን ገጽ በገጽ በስልክሽ አንሺና ለእናትሽ በቴሌግራም ላኪላቸው። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ እዪ። በእነዚያ ቀናት አሠሪው «ለሥራው አትመጥንም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ እርግዝናን በዚህ ሰበብ እንዳይሸፍኑት፣ አለቃሽ ስለ ሥራሽ የጻፈልሽን ሁሉ፣ ቁራጭ ወረቀትም ቢሆን፣ ከነቀኑ አስቀምጪ።

የምትፈርሚው ሰኞ ነው ብለሻል። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ነይ፤ ውሉን ይዘሽ፣ አብረን እናነበዋለን።