ልጄ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቤት ገብታለች፤ እንዴት ልያዛት?

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ በታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል የነበረባት ቀዳዳ አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ከተደፈነላት 12 ቀን ሆኗታል። ሀዋሳ ከገባን ወዲህ ሌሊት እየባነነች ታለቅሳለች። እናቴ ቁስሉ ቅቤ ይቀባ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ብትራመድ የተሰፋው የሚፈታ እየመሰለኝ ከአልጋ አላወርዳትም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንኳን ልጅዎ ለቤቷ በቃች። ቀዳዳውን የደፈነው ፓች (መጣፊያ) በልብ ግድግዳ ላይ የተሰፋ በመሆኑ ልጅዎ ስለተራመደች ወይም ስላለቀሰች አይላቀቅም። አሁን ጥንቃቄ የሚሻው ሐኪሞቹ ወደ ልቧ ለመድረስ መሐል ለመሐል የከፈቱት የደረት አጥንት ሲሆን፣ እርሱም ታስሮ እስኪገጥም ድረስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ከአልጋ ያውርዷት፤ በግቢ ውስጥ መመላለሷ ለሳንባዋም ለምግብ ፍላጎቷም ይበጃል፤ ሲደክማት ደግሞ ማንም ሳይነግራት ትቀመጣለች። እስከዚያው የሚከለከለው ብስክሌት፣ መንጠላጠል፣ ከሶፋ ላይ መዝለልና ከልጆች ጋር መጓተት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምሰጋው በአነሳሷ ነው። ባጃጅ ከበር ሲቆም ወላጅ ልጁን በሁለት ብብቱ ይዞ ብድግ ሲያደርገው ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ ያን ጊዜ የልጁ ክብደት በሙሉ ያልገጠመውን አጥንት ይለጥጠዋል። አንድ እጅዎን ከመቀመጫዋ ሥር፣ ሌላውን ከትከሻዋ ጀርባ አድርገው እንደ አራስ አቅፈው ያንሷት። በእጇ ጎትቶ ማስነሳትና ማዘልም ለጊዜው ይቅር። አጥንቱ ቀጭ ቀጭ ሲል ከተሰማዎት ለሐኪም ያሳዩ።

እናትዎን በአክብሮት እምቢ ይበሏቸው፤ ቅቤም ሆነ ማር ወይም ያልታዘዘ ቅባት ቁስሉን አይንካው። ሐኪሞቹ እንዲታጠብ ከፈቀዱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ሳይፈትጉ አለቃልቀው፣ በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። በገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን አይፈቀድም፤ ጠበል ለማስጠመቅ ካሰቡም እስከዚያው ያቆዩት። ከዳነ በኋላም ጠባሳው እንዳይጠቁር ለአንድ ዓመት ያህል ከሀዋሳ ፀሐይ በልብስ ይሸፍኑት።

መባነኗ መርፌና ማሽን መሐል የሰነበተ ብዙ ሕፃን የሚያሳየው ነው፤ አንዳንዱ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል። አይቆጧት፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይተዋታል። ሕመም ከሆነ የሚያስነሣት፣ የታዘዘላትን ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ከመኝታ በፊት መስጠት ይረዳል፤ አይቡፕሮፌን ግን ሳይጠይቁ ከፋርማሲ ገዝተው አይስጡ። የምትነሣው ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ከሆነ ጉዳዩ የፍርሃት አይደለም፤ ወዲያውኑ መታየት አለባት።

ትኩሳት ለብቻው መነሣት ያለበት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል፤ ምልክቱም ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ትውከት፣ ምግብ መዝጋትና ያልተለመደ መዛል በመሆኑ በቀላሉ ጉንፋን ተብሎ ይታለፋል። ሙቀቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ቁስሉ ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም መግል ቢያወጣ በዚያው ዕለት ትታይ። ትንፋሿ ከተቆራረጠ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ራሷን ከሳተች ቀዶ ሕክምናው ወደተደረገበት ሆስፒታል 270 ኪሎ ሜትር ያህል ለመጓዝ አይነሡ፤ አስቀድመው እዚሁ ሀዋሳ ወደሚቀርብዎ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷት፤ የቀዶ ሐኪሞቹ ጋ ከዚያ ሆነው ይደውሉ።

ሌላም ሳይጠይቁኝ ልናገር። እንጥል ማስቆረጥና ጥርስ በባህላዊ መንገድ ማስነቀል ለማንኛውም ልጅ አደገኛ ነው፤ ልቧ ላይ ፓች ላላት ልጅ ግን ከአፍ የሚገባው ጀርም በደም ተጉዞ እዚያው ሊራባ ስለሚችል ከቶ አይታሰብ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ለጥርስ ሕክምና ብትሄድ፣ አስቀድሞ አንቲባዮቲክ እንዲሰጣት ለጥርስ ሐኪሙ ስለ ፓቹ ይንገሩት።

ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ታዞላት ከሆነ ደኅና መስላለች ብለው አያቋርጡ፤ አንድ ጊዜ ቢረሱም በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አይስጧት። ለቀጠሮ ሲሄዱ የመድኃኒት ጠርሙሶቹንና ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣትን ወረቀት ይያዙ፤ የልብ አልትራሳውንዱ በድጋሚ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።