‹‹ጨጓራ ነው›› ማለት ደከመኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ዕድሜዬ 43 ነው። ቀፊራ ገበያ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከጨጓራዬ እጢ ወጣልኝ። ‹‹ጂስት የሚባል ካንሰር ነው›› አሉኝ። ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁን በየቀኑ ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን እውጣለሁ።

ይህን የሚያውቁት ባለቤቴና ታላቅ እህቴ ብቻ ናቸው። እህቴ ‹‹ካንሰር የሚለው ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ! ሴት ልጅ አለሽ፤ ነገ ‹በዘራቸው አለ› ይሏታል›› ብላ አስምላኛለች። ስለዚህ ለሰው ሁሉ ‹‹ጨጓራ ነው›› እላለሁ። ጎረቤቴ አብሽ በጥብጣ ታመጣልኛለች፤ አመስግኜ እጠጣለሁ። መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ያሳብጠዋል። ደንበኞቼ ታዲያ ‹‹ፊትሽ ሞላ፣ ተመችቶሻል!›› ይሉኛል። ስቄ አልፋለሁ። ማታ አለቅሳለሁ።

ባለፈው ለክትትል አዲስ አበባ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አባት ከፌስታላቸው የእኔኑ መድኃኒት ሲያወጡ አየሁ። ‹‹እርስዎም?›› አልኳቸው። ሌሊት እግር ጨምድዶ ስለሚይዘው ነገር፣ የምርመራ ውጤት ሲጠበቅ ስላለው ፍርሃት አወራን። ስሜ ሲጠራ መነሳት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ የሆንኩትን ለሰው መናገር አማረኝ። ብናገር እህቴን መክዳት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፈጣሪ ይማርሽ። ብትናገሪ መክዳት አይደለም። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› የሚለውንም አልተርትብሽም፤ አንቺ ከሐኪም አልደበቅሽም። የደበቅሽው ከሚያዝንልሽ ሰው ነው፤ የከበደሽም እሱ ነው።

እህትሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ለልጅሽ ፈርታ ነው። ፍርሃቷ ግን መልስ አለው። ጂስት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዘር የሚመጣውም እጅግ ጥቂቱ ነው። በሚቀጥለው ክትትል ይዘሻት ሂጂ፣ ሐኪሙን ራሷ ትጠይቀው። ከአንቺ ይልቅ ከሐኪሙ አፍ ስትሰማው ይቀላታል።

የእኚያ አባት ጨዋታ ለምን እንደዚያ እንዳሳረፈሽ ይገባኛል። ይህ በሽታ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው ከ10 እስከ 15 የሚሆነውን ነው የሚይዘው። ሰፈር ውስጥ ቢጤሽን ፈልገሽ አታገኚም። የምታገኚው እዚያ ወረፋ ላይ ነው። ስልካቸውን ካልያዝሽ፣ ነርሷን ‹‹እንደኔ ያለ፣ ማውራት የሚፈልግ ታካሚ ካለ ቁጥሬን ስጪልኝ›› በያት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ወሬ ተጋሩ፣ መድኃኒት አትጋሩ። የእሳቸው መጠን ያንቺ አይደለም። እሳቸው ስላቆሙም አታቁሚ። አብሹንም ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ከክኒኑ ጋር የምትወስጂውን ሁሉ ማወቅ አለበት።

ለገበያው ሁሉ አውጂ እያልኩሽ አይደለም። በዚያችው አብሽ በምታመጣልሽ ጎረቤት ጀምሪ። ሳታውቀው እንኳን ስታስታምምሽ ከርማለች። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ደጅ ስትቀመጡ፣ እንዲህ በያት፦ ‹‹ጨጓራ ያልኩሽ ካንሰር ነበር። እጢው ወጥቶልኛል፣ መድኃኒት ላይ ነኝ። ምክር አልፈልግም፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ።›› የቀረውን እንባሽ ይናገርልሻል። ልጅሽም ነፍስ ካወቀች ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንቺ ትስማ።

ነገ ጠዋት ‹‹ተመችቶሻል!›› የሚሉሽ አይቀሩም። ዓይንሽ ለምን እንደሚያብጥ የምታውቅ አንዲት ሴት ግን አጠገብሽ ትኑርሽ።