ቴክሳስ የወጣ ማዘዣ፣ ኦሃዮ የተያዘ ልጅ

የሕግ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። የጠያቂዎቹን ስም ትተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቴክሳስ ውስጥ ጠጥተህ ነድተሃል ተብሎ ተይዞ በዋስ ተለቀቀ። በቀጠሮው ቀን ሥራ ላይ ስለነበር ፍርድ ቤት አልቀረበም። ባለፈው ሳምንት ኦሃዮ ላይ ለፍጥነት ያስቆመው ፖሊስ «የቴክሳስ ማዘዣ አለብህ» ብሎ አሰረው። አሁን ወረቀት ፈርም እያሉት ነው። ዘመድ ሁሉ «እንዳይፈርም፣ ጠበቃ ገዝታችሁ ተከራከሩ» ይላል። ያለችንን ቤት አስይዘን ብር ልንልክ ነው። ምን ይሻላል?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እናታችን፣ ቢያንስ ለዚህኛው ክርክር ብለው ቤትዎን አያስይዙ።

አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የወንጀል ሕግና የራሱ ፍርድ ቤት አለው። የኦሃዮ ዳኛ የቴክሳስን ክስ የማየት ሥልጣን የለውም። በአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ክፍል 2 መሠረት ግን አንድ ስቴት ተከሳሹን ሲጠየቅ አሳልፎ የመስጠት ግዴታ አለበት። ልጅዎ ለመሸሽ አስቦ መሄድ አለመሄዱን የሚጠይቀው የለም። ጥፋቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን ቴክሳስ ከነበረና አሁን ሌላ ስቴት ከተገኘ ይበቃል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ፖሊሱ ስሙን ሲያስገባ በኤፍቢአይ ብሔራዊ የወንጀል መረጃ መዝገብ ውስጥ ማዘዣው ብቅ ይላል። ያ ብቻውን አያስይዝም። ማዘዣውን ላወጣው የቴክሳስ ካውንቲ (በስቴቱ ሥር ያለ አውራጃ) «አሁንም ይሠራል ወይ? መጥታችሁ ትወስዱታላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይላካል። ጥያቄው አስቸኳይ ከተባለ በ10 ደቂቃ፣ ካልሆነም በ1 ሰዓት ውስጥ መልስ መሰጠት አለበት። ልጅዎ እስካሁን ከታሰረ «እንወስዳለን» የሚል መልስ መጥቷል ማለት ነው።

ከዚያ ዳኛ ፊት ቀርቦ ሁለት ምርጫ ይሰጠዋል። ከፈረመ የአሳልፎ መስጠቱን ሙግት በፈቃዱ ተወ ማለት ነው፤ ይህም ጥፋተኝነቱን ማመን አይደለም። ከፈረመ በኋላ የቴክሳስ ሰዎች ወይም የተኮናተሩት የእስረኛ ማመላለሻ ድርጅት መጥቶ ይወስደዋል። የግል ማመላለሻ ከሆነ ከየስቴቱ እስረኛ እየለቀመ ስለሚሄድ መንገዱ ብዙ ቀን ሊፈጅ ይችላል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለእስር ቤቱ ሐኪም አስቀድሞ መንገርና በጽሑፍ ማስያዝ አለበት።

ካልፈረመ የገዥዎቹ፣ ማለትም የሁለቱ ስቴቶች አስተዳዳሪዎች፣ ወረቀት ይጠበቃል። የቴክሳስ ዐቃቤ ሕግ ክሱንና ማዘዣውን አያይዞ ለራሱ ገዥ ያቀርባል፤ የቴክሳስ ገዥ ለኦሃዮ ገዥ ይጽፋል፤ የኦሃዮ ገዥ ደግሞ የመያዣ ትዕዛዝ ይፈርማል። ኦሃዮና ቴክሳስን ጨምሮ አብዛኞቹ ስቴቶች በሚጠቀሙበት ሕግ መሠረት ዳኛው ለዚህ እስከ 30 ቀን፣ ሲያስፈልግም እስከ 60 ቀን ጨምሮ ሊያቆየው ይችላል። በድምሩ 90 ቀን ነው። የገዥው ትዕዛዝ ሲደርስ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። ዳኛው ግን የሚያየው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ወረቀቱ በደንቡ ተዘጋጅቷል ወይ? ሰውየው በዚያ ስቴት ተከስሷል ወይ? ስሙ የተጠራው እሱ ራሱ ነው ወይ? ከዚያ ስቴት ሄዶ የተገኘ ነው ወይ? የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ወሰን ያሰመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። «አልጠጣሁም»፣ «መሣሪያው ተሳስቷል»፣ «ሥራ ላይ ነበርኩ» የሚለው ሁሉ ቴክሳስ እንጂ ኦሃዮ ላይ አይሰማም። ቤት ተይዞ የሚመጣው ብር እዚህ ላይ ነው ውኃ የሚበላው።

እንግዲህ አለመፈረም መቼ ያዋጣል? በእኛ ግምት ዋናው የማንነት ጥያቄ ሲኖር ነው። የወሎ ልጆች ላይ ይህ ያጋጥማል። «ሰይድ መሐመድ» የሚባል ስንት ሰው አለ? በዚያ ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ ልደቱም በደፈናው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላለት ብዙ ነው። ስምና ልደት ገጥሞ ሰውየው ሌላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለ አይፈርም፤ የቴክሳሱ አሻራና ፎቶ ከእሱ ጋር እንዲመሳከር በጠበቃው በኩል ይጠይቅ። በተባለው ቀን ቴክሳስ ፈጽሞ ካልነበረና በሥራ መዝገቡ ማሳየት ከቻለም እንደዚሁ። እርስዎ እንደጻፉልን ግን ልጅዎ ያንጊዜ ተይዞ በዋስ የወጣ ነው፤ ማንነቱ አያከራክርም።

ብር ካለ የሚሻለው ማዘዣው በወጣበት የቴክሳስ ካውንቲ የሚሠራ ጠበቃ መያዝ ነው። ያ ጠበቃ ከዐቃቤ ሕጉ ተነጋግሮ ማዘዣው እንዲነሳ፣ አዲስ ዋስና አዲስ ቀጠሮ እንዲሰጥ ማመልከት ይችላል። ከተሳካ ኦሃዮ ላይ የቆመበት የቴክሳስ እገዳ (ለቴክሳስ ተይዞ ይቆይ የሚለው) በዚያው ይወድቃል፤ ልጅዎም በካቴና ሳይሆን በራሱ ትኬት ይሄዳል። በቴክሳስ ሕግ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ጠጥቶ የመንዳት ክስ በመደበኛው ቀላል ወንጀል ነው፤ ሦስተኛው ነው ፌሎኒ ወደሚባለው ከባድ ወንጀል የሚገባው። ስለዚህ ስንተኛው እንደሆነ ይጠይቁት፤ የድርድሩ አቅም በዚያ ይወሰናል። ለኦሃዮው በኩል አቅም ለሌለው መንግሥት በነጻ የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ ይበቃል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ዋስ ላይ ነው። ለኦሃዮው ክስ ዋስ አስያዥ ድርጅት ይከፍሉና ልጁ ሳይወጣ ይቀራል፤ የቴክሳሱ እገዳ ለብቻው ስለቆመ ነው። ለድርጅቱ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከዋሱ 10 በመቶ ነው፤ አይመለስም። ከመክፈል በፊት «ሌላ እገዳ አለበት ወይ? ይህን ብከፍል ዛሬ ይወጣል ወይ?» ብለው እስር ቤቱን ያስጠይቁ። የገዥው ትዕዛዝ ከመድረሱ በፊት ዳኛው ለቴክሳሱም ጉዳይ ዋስ ሊፈቅድ ስለሚችል ጠበቃው በመጀመሪያው ቀን እንዲጠይቅ ያድርጉ።

ሁለት ነገር እንጨምር። የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል፤ አማርኛ ነው ብላችሁ የጉዳዩን ዝርዝር አታውሩበት፤ አስተርጓሚ አያጡም። ልጅዎ ዜግነት ያልወሰደ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት መኖሪያ ፈቃዱ ላይ ምን እንደሚያስከትል ጠበቃውን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ይህን ማስረዳት የጠበቃው ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቨርጂኒያ ይኖራል። ዋሽንግተን ስቴት ሳለ ከሱቅ ዕቃ ሰረቅህ ተብሎ ቀጠሮ ተሰጥቶት አልሄደም። ጓደኞቹ «ዋራንት (የእስር ማዘዣ) ሰባት ዓመት ካለፈው ይሰረዛል፤ ለትንሽ ነገርም ስቴት አቋርጠው አይመጡም» ይሉታል። እውነት ነው?
እህት፣ ደሴ ሆጤ

መልስ፦ የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ እውነት። ይርጋ የሚቆጠረው ክስ እስኪመሠረት ነው። ክስ ተመሥርቶ ያልቀረበ ሰው ላይ የወጣ ማዘዣ ዳኛ እስኪያነሳው ድረስ በቦታው ይቆያል።

ግማሽ እውነት ያልነው ስለ ወጪው ነው። ማዘዣውን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት እስረኛውን ከየት ድረስ ሄዶ እንደሚወስድ አብሮ ይሞላል፤ ከየትም፣ ከአጎራባች ስቴቶች ብቻ፣ ወይም ከራሱ ስቴት ውስጥ ብቻ ተብሎ። ለቀላል ስርቆት ከአገሪቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሰው ልኮ እስረኛ ማስመጣት አያዋጣም፤ ስለዚህ ቨርጂኒያ ላይ ፖሊስ አይቶ ሊያልፈው ይችላል። ሕጉ ግን ቀላል ወንጀልንም ይጨምራል፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ የሚከለክላቸው የለም።

ደግሞ የሚጎዳው ፖሊስ ብቻ አይደለም። ቀጣሪ የኋላ ታሪክ ሲያጣራ ይወጣል። ለግሪን ካርድ ወይም ለዜግነት አሻራ ሲሰጥ ይወጣል። ለሠርግም ለለቅሶም ወደ ሲያትል የሄደ ቀን ደግሞ ማዘዣው በሙሉ ኃይሉ ይሠራል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የካውንቲውን ፍርድ ቤት ድረ ገጽ ከፍቶ ወይም መዝገብ ቤቱን ጠይቆ የመዝገብ ቁጥሩን ያውጣ። ፖሊስ ጣቢያ በአካል ሄዶ «ዋራንት አለብኝ ወይ?» ማለት ግን የዋህነት ነው፤ ካለበት እዚያው ይቀራል። ከዚያ የዚያ ካውንቲ ጠበቃ ማዘዣው እንዲነሳ ያመልክት። ለቀላል ወንጀል አንዳንድ ፍርድ ቤት ጠበቃው ብቻውን እንዲቀርብ ወይም ተከሳሹ በቪዲዮ እንዲገባ ይፈቅዳል። በራሱ ፈቃድ የመጣን ሰውና በካቴና የመጣን ሰው ዳኛ በአንድ ዓይን አያይም።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ሚኒሶታ ተፈርዶበት እስር ቤት ነው። ጆርጂያም ያላለቀ ክስ አለበት። እስራቱን ሲጨርስ ይወስዱታል ማለት ነው?
ከደሴ ፒያሳ

መልስ፦ አዎ፣ ካልተንቀሳቀሰ። ሁለቱም ስቴቶች ስለ እስረኛ እገዳ በተደረገው ስምምነት ውስጥ ስላሉ የጆርጂያው ክስ ይታይልኝ ብሎ በእስር ቤቱ ኃላፊ በኩል በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ለጆርጂያ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ካልቀረበ፣ በቂ ምክንያት ታይቶ ካልተራዘመ በስተቀር፣ ክሱ ይዘጋል። በቃል መጠየቅ አይቆጠርም፤ የደረሰበትን ማረጋገጫ ይያዝ። ይህ ላልተፈረደ ክስ ብቻ ነው፤ የገደብ ቅጣት ጥሷል ከተባለ አይሠራም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ክስ ትቶ ወደ ደሴ የተመለሰ ዘመድ አለን። አሜሪካኖች ከዚህ ሊወስዱት ይችላሉ?
ከደሴ

መልስ፦ ኢትዮጵያና አሜሪካ ወንጀለኛ አሳልፎ የመስጠት ስምምነት የላቸውም። በዚያ ላይ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊ ለውጭ አገር ተላልፎ አይሰጥም ይላል። ወሳኙ ቀን ሁለት ነው፦ ወንጀሉ የተፈጸመበት ጊዜ ወይም ጥያቄው የቀረበበት ጊዜ። በአንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከነበረ ከለላው አለው። ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ በቢጫ ካርድ የሚኖር ከሆነ ግን ሕጉ የሚያየው እንደ ውጭ አገር ሰው ነው፤ ቢጫ ካርድ ዜግነት አይሆንም።

ከለላው ግን ነጻ መውጣት አይደለም። ያው አንቀጽ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንደሚዳኝ ይደነግጋል። ከአገር የመውጣት ሐሳብ ካለው ደግሞ ይጠንቀቅ። የኢንተርፖል ቀይ ማስታወቂያ በራሱ የእስር ማዘዣ ባይሆንም አውሮፕላን በሚቀያየርበት አገር ሊያስይዘው ይችላል፤ ቱርክና ጀርመን ከአሜሪካ ጋር ስምምነት አላቸው። የአሜሪካው ክስ ከባድ ካልሆነ እዚያ ጠበቃ ይዞ መዝገቡን ማስዘጋት ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን የአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ማዘዣ አለ ብለው ኮምቦልቻ ላይ ያዙት። ክልል ለክልል እንዲህ ይቻላል? እስከ ስንት ቀን ሊያቆዩት ይችላሉ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ይቻላል። እኛ አገር የክልል ፕሬዚዳንት ፊርማ አይጠየቅም፤ የፍርድ ቤት የመያዣ ትዕዛዝ በየትኛውም ክልል ይፈጸማል። ትዕዛዙን ያሳዩኝ ይበሉ፤ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የክሱን ዓይነትና የተያዘበትን ሰዓት ይጻፉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመጓዝ በአግባቡ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ፖሊሶች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ይህንኑ የመንገዱን ነገር ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አጃቢ ወይም መኪና ጠፋ ተብሎ ሳምንት ከቆየ በዚያው በአንቀጽ 19 መሠረት አካሉ ነጻ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት ያመልክቱ፤ በማመልከቻው ላይም የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ያስፍሩ።