ጨነገፈ ወይስ ከሸፈ?

ጥያቄ፦ «የማኅበራችን ዕቅድ ጨነገፈ» ብዬ ብጽፍ አርታኢው «ከሸፈ» ብሎ አረመው። ትርጉማቸው አንድ ነው አለኝ። እውነት አንድ ናቸው? ወይስ «ተጨናገፈ» ማለት ነበረብኝ?

መልስ፦ አርታኢዎ ብቻውን አይደለም። «ሁለቱም ያው አልተሳካም ማለት ነው፣ ምን ያካብዳል?» የሚል ሞልቷል። እኔ ግን አካብዳለሁ።

ጨነገፈ የማኅፀን ቃል ነው። ገበሬ «ላሚቱ ጨነገፈች» ሲል ጥጃው ሞተ ማለቱ ብቻ አይደለም። ተፀንሷል፣ አካል አውጥቷል፤ ግን ውጭ ለመኖር ሳይበቃ ወጣ ማለቱ ነው። ለሴት ሲሆን አፋችን ይለዝባል፤ «አስወረዳት» እንላለን። (ልብ ይበሉ፣ «አስወረደች» ሌላ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ጉዳዩን ከሕመም ወደ ፈቃድ ያዞሩታል።)

ከሸፈ ደግሞ የጠመንጃ ቃል ነው። ጥይቱ ተጎርሷል፣ ቃታው ተስቧል፣ አልጮኸም። አንዱ ቀኑ ሳይደርስ የወጣ፣ ሌላው ቀኑ ደርሶ እምቢ ያለ። እንዴት አንድ ይሆናሉ?

የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት ይውሰዱ። ሁሉም «የከሸፈው» ይለዋል። ጠንሳሾቹ ግን አዲስ አበባን ለቀናት ይዘው ነበር። አልጋ ወራሹም በሬዲዮ አዋጅ አንብበዋል። ጥይቱማ ጮኋል! በእኔ ሚዛን ያ ሙከራ ጨነገፈ እንጂ አልከሸፈም። የሚከተለኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ከዚሁ ግስ የወጣው ስም «ጭንጋፍ» ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። ከሸረፈ ሽራፊ፣ ከተረፈ ትራፊ፣ ከቀነጠበ ቅንጣቢ እንላለን። በዚህ ደንብ «ጭንጋፊ» መባል ነበረበት። የመጨረሻዋ ፊደል ግን ሣልስ አልሆነችም፤ ሳድስ ላይ ቆመች። ቃሉ ራሱ ሳይሞላ የወጣ ይመስላል። ይህ ሥርወ ቃል ሳይሆን ጨዋታ ነው፤ ቢሆንም ደስ ይለኛል። ትራፊ የተረፈው ነው፣ ጭንጋፍ ያልተረፈው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን «እንደ ጭንጋፍ» ብሎ ይጠራል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥8። ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግበት ያምራል፤ በሌላ ሰው ላይ ሲወረወር ግን ከባድ ስድብ ነው።

ወደ «ተጨናገፈ» ልምጣ። የዚህ ጥንድ «አጨናገፈ» ነው። ስለዚህ ተጨናገፈ ከተባለ አንድ አጨናጋፊ አለ፤ የሰው እጅ አለበት። ስብሰባውን ያወከ፣ ውሉን ያበላሸ። እኔ እንደዚያ ለይቼ እጽፋለሁ። አገሩ ግን ጥሎኝ ሄዷል። መብራት ሲጠፋም «ፕሮግራሙ ተጨናገፈ»፣ ዝናብ ሲጥልም «ጉዞው ተጨናገፈ» ይባላል። ባለፈው እኔው ራሴን በስልክ «ቀጠሯችን ተጨናገፈ» ስል ያዝኩት። ታክሲ አጥቼ ነበር። እሺ፣ ይሁን። በንግግር ተሸንፌያለሁ።

በጽሑፍ ግን ለአርታኢዎ አንድ ነገር ይንገሩት። ዕቅዱ ተጀምሮ፣ መዋጮ ተሰብስቦ፣ ነፍስ ዘርቶ መሀል ላይ ከቀረ «ጨነገፈ» ይመለስ። ሁሉ ተዘጋጅቶ በዕለቱ አልነሳ ካለ ግን፣ ምን አደርጋለሁ፣ እሱ ልክ ነው።